ስኳር የተጠቀለለበት የአንጎል ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ 18 ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረ ወጣት በድንገት ወድቆ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰልፉ ተበተነ። አንዲት ሴት ከኪዮስኳ ክብሪት ይዛ እየሮጠች መጣችና፣ ሦስት አራት እንጨት በአንድ ላይ ጭራ ጭሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋች። እኔ ልጁን በጎኑ አስተኝቼ ነጠላዬን ከራሱ ሥር አደረግሁለት፤ ጥቂት ቆይቶ ነቃ። ቤቴ ገብቼ እጄን ከታጠብሁ በኋላ እንኳ የክብሪቱ ጭስ ሽታ አልለቀቀኝም። ጋሽ ወርቁን ያስታወሰኝም እርሱ ነው።

ጋሽ ወርቁ የልጅነት ሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። መሥሪያቸው ከአጥራችን ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ስትሆን፣ የቀለጠ እርሳስና የጋለ አቧራ ትሸት ነበር። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረው፣ ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ በዝግታ ያንሾካሹካል።

ታናሽ እህቴ አልማዝ በዘጠኝ ዓመቷ መውደቅ ጀመረች። በወደቀች ቁጥር ጎረቤት ክብሪት ይጭርላታል፤ የሚነካት ግን አልነበረም፤ አረፋው ያረፈበት ሰው በሽታው ይጋባበታል ይባላልና። ጤና ጣቢያ ያዘዘላትን ክኒን እናቴ አንድ ቀን ትሰጣታለች፣ ሁለት ቀን ትተዋለች። አስተማሪዋም እስኪሻላት ቤት ትቆይ አሉ። አልማዝ ደብተሯን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ወርቁ የገዙት ሩብ ኪሎ ስኳር በአሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጽ ተጠቅልሎ መጣላቸው። ባለሱቆች ያረጀ መጽሐፍ በኪሎ ገዝተው ለመጠቅለያ ይገነጥሉ ነበር። ገጹ ላይ ለሁለት የተከፈለ የሰው ራስ ሥዕል አለ፤ ከአንጎሉ የሚነሡ ክሮች በጀርባ አጥንት ውስጥ አልፈው እስከ ጣቶች ይወርዳሉ። ጋሽ ወርቁ ስኳሩን ሳህን ላይ ገልብጠው ወደ ሱቁ ተመለሱና የቀረውን መጽሐፍ ገዙ። ብዙው ገጽ ግን ከጨውና ከምስር ጋር ቀድሞ ወደየቤቱ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠቅለያ ለቀሙ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ምስሩንም ይወስዱታል ወይስ ወረቀቱን ብቻ?» አለቻቸው እናቴ።

«ምስሩን ብሉት። ወረቀቱን ግን እሳት እንዳታያይዙበት፣ አደራ።»

መዝገበ ቃላት ከፍተው አንዱን መስመር ለመፍታት አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። የተረዱትን ለእኔና ለአልማዝ ይነግሩናል። አንጎል ውስጥ እጅግ ቀጫጭን ክሮች እንዳሉ፣ እርስ በርስ በትንንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚነጋገሩ፣ አልማዝ ስትወድቅ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ እንደሚጮኹ የሰማነው ከእርሳቸው ነው። በጎኗ አስተኙአት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪቱም ይቅር ይሉ ነበር።

«ስወድቅ የት ነው የምሄደው?» ስትል አልማዝ ጠየቀቻቸው።

የሚያንሾካሹከውን ሬዲዮ አጠፉት። «የትም አትሄጂም፣ ልጄ። እዚያው ነሽ። ጩኸቱ ሲበርድ ትሰሚኛለሽ።»

እናቴም ይህን ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒኑን አንድም ቀን አላስታጎለችም። አልማዝ ስድስት ወር ሙሉ ሳትወድቅ ቆየችና ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ክኒኑ አልማዝን እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኛት መቸገሯን ነግራ፣ ይቁም እንደሆን ጋሽ ወርቁን የጠየቀቻቸው። መጽሐፋቸውን ገለጡ። «በሽተኛው ለረጅም ጊዜ ሳይወድቅ ከቆየ መድኃኒቱ...» ይልና ገጹ ያልቃል። ተከታዩ ገጽ የለም። የጎደለውን በሙያቸው ሞሉት። የተጠገነ ሬዲዮ ዳግመኛ እንደማይፈታ ያውቃሉ።

«ይቁም ነው የሚለው» አሏት።

ክኒኑ በቆመ በአራተኛው ቀን አልማዝ የከሰል ምድጃ ላይ ወደቀች።

ጋሽ ወርቁ ራሳቸው አቅፈው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሐኪሙ ክኒኑን ማን እንዳስቆመ ሲጠይቅ እናቴ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «መጽሐፉም አላለም፤ እኔ ነኝ ያልሁት።»

ሐኪሙ ይህ መድኃኒት በድንገት እንደማይቋረጥ፣ የሚቆም ቢሆን እንኳ ከዓመታት በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ ነገራቸው። በማግስቱ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ ግቡ ብትላቸውም አልገቡም።

«አልማዝ፣ ያላነበብሁትን እንዳነበብሁ አድርጌ ተናገርሁ። ይቅር በይኝ።»

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አልማዝ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጇን አየችና፣ «ወረቀቱን ይፈልጉት እንጂ» አለቻቸው።

ፈለጉት፤ አላገኙትም። መጽሐፉን ግን ፈትተው እንደገና ሰፉት። ገጽ በጎደለበት ቦታ ሁሉ አንዳንድ ነጭ ወረቀት አስገብተው፣ በእያንዳንዱ አናት ላይ የገጹን ቁጥር፣ ከሥሩም «አላውቅም» የሚል ቃል ጻፉ።

ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ከለቅሶው በኋላ ባለቤታቸው መጽሐፉን ለአልማዝ ሰጧት። እህቴ ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር ትኖራለች፤ ልብስ ትሰፋለች፤ ክኒኗንም በሰዓቱ ትወስዳለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጽሐፉን ስገልጥ፣ ስለ መድኃኒቱ የሚናገረው ገጽ በጎደለበት ነጭ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ጠባሳ ባጨማደደው እጇ የተጻፉ ስድስት መስመሮች አገኘሁ፤ ሐኪሟን ጠይቃ ያረጋገጠቻቸው ናቸው። የቀሩት ነጭ ወረቀቶች እንደነበሩ ናቸው። ጥቂቶቹን እንድሞላቸው ብጠይቃት፣ «ያላረጋገጥነው አይጻፍበትም» አለችና መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ቀስ ብላ ከደነችው።