የሱጋኤ ውሃ

ሱጋኤና ባሏ ኢሶኪቺ በውሃ ሲጨቃጨቁ ነው ያረጁት። ሌላው ባልና ሚስት በዘመድ ይጣላል፣ በልጅ ይጣላል፤ እነሱ ግን ገና በማለዳ፣ ሾርባው ከምድጃ ሳይወርድ፣ ስለ ወረቀት እርጥበት ይነታረካሉ። የሰፈሩ ሰው በጠባቧ መንገድ ወደ ትራሙ ሲሄድ የሁለቱን ድምፅ ከሰማ “ደህና አድረዋል ማለት ነው” ብሎ ያልፋል። የሚያሳስበው ዝም ካሉ ነበር።

ሥራቸው አንድ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ። ኢሶኪቺ ጠራቢ ነው። ሠዓሊው የሳለውን ገልብጦ የቼሪ እንጨት ሳንቃ ላይ ይለጥፍና በመሮ ይጠርበዋል፤ ለጥቁሩ መስመር አንድ ሳንቃ፣ ከዚያ ለየቀለሙ አንድ አንድ። ሱጋኤ ደግሞ አታሚ ናት። ሳንቃውን ቀለም ቀብታ፣ የረጠበ ወረቀት አንጥፋበት፣ የቀርከሃ ቅጠል በለበሰች ክብ መጫኛዋ የወረቀቱን ጀርባ ታሸዋለች። ወረቀቱ ከሳንቃ ወደ ሳንቃ ሲዛወር ቀለሙ ከመስመሩ እንዳይወጣ፣ ጠራቢው በየሳንቃው ጥግ ላይ የወረቀት ማሳረፊያ ምልክት ይቆርጣል። የወረቀቱ ጥግ እዚያች ላይ ካረፈ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ምልክቷ በፀጉር ያህል ከሳተች የሴትየዋ ከንፈር አገጯ ላይ ይታተማል።

የሱጋኤ አባትም አታሚ ነበር፣ ውሃ የሚወድ አታሚ። “ወረቀት ጠግቦ ካልጠጣ ቀለም አይቀበልም” ይል ነበር፤ እሷም ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ወረቀቱን ከዋዜማው በሰፊ ብሩሽ ታረጥበዋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታሳድረዋለች፣ በአንዱ ቀለምና በሌላው መካከል ደግሞ፣ ማንም አታሚ እንደማያደርገው፣ እንደገና ታርሰዋለች። ቀለሙ ታዲያ ወረቀቱን ዘልቆ በጀርባው በኩል ይታያል። የሷን ሰማያዊ ያየ ሰው እጁን ሊነክርበት ይቃጣዋል።

“አንቺ ሴት፣ ልብስ አጠባ ነው ወይስ ኅትመት?” ይላል ኢሶኪቺ ከጥጉ፣ ከሳንቃው ቀና ሳይል።

“አንተ መሮህን ሞርድ። ውሃው ምን አደረገህ?”

“ወረቀቱን አሰጠምሽው እኮ። አሁን ዓሣ ይወጣበታል።”

“ከወጣ ለራትህ እጠብስልሃለሁ።”

እንዲህ ተባብለው ሻይ ሲቀርብ ይበርዳሉ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የነሱን ባሕር ግን ሱጋኤ ብቻዋን ቀድታ ወረቀት ላይ ሳትደፋው አልቀረችም።

ያም ሆኖ ሥራዋ እንከን አይወጣለትም ነበር። “ሱጋኤ አትስትም” ይባላል በአታሚዎች ዘንድ፣ እንደ ተረት። እሷም ሲባል ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጉረኛ ነበረች፤ ግን ከራሷ ጋር ብቻ የምትጎርር ጉረኛ። የታተመውን ወረቀት ከሳንቃው ላይ ስታነሳ፣ ቀለሙ ከመስመሩ ውስጥ ልክክ ብሎ ስታየው፣ በልቧ “አየህ አባቴ” ትላለች። የባሏን ሳንቃዎች ከሷ ሌላ ሰው አትሟቸው አያውቅም። እሱ ይጠርባል፣ እሷ ታትማለች፤ ሌላ ሐሳብ ለማንም መጥቶለት አያውቅም።

ኢሶኪቺ የቼሪው አበባ ሳይረግፍ ሞተ። የመጨረሻዎቹን ሳንቃዎች ጨርሶ ነበር፤ ሴቶች በበረዶ ድልድይ ሲሻገሩ፣ በሥዕሉ ዳር ያለችው ቀይ ጃንጥላ ይዛ። ይህ ሥዕል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ነበረው። አሳታሚው አቶ ሂሮቤ ዘንድሮ የጠራቢውም ስም በኅዳጉ ይግባ ብለው ፈቀዱ። ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ስም ሲጠርብ የኖረ ሰው፣ የሩዝ ፍሬ በምታክል ፊደል የራሱን ስም ገልብጦ ሲቆርጥ እንደ ልጅ ምላሱን አውጥቶ ነበር። ሱጋኤ አይታ ሳቀችበት። 

ከቀብሩ በኋላ መጫኛዋን ሰቅላ ተወችው። “የሚጨቀጭቀኝ ሳይኖር ወረቀት ለማን ላረጥብ?” አለች፣ ሰውም አልተጫናትም። ሳንቃዎቹ ወደ ታሞትሱ ሄዱ። ታሞትሱ በልጅነቱ ከሷ ሥራ የተማረ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተ፣ የራሱ ቤት ያለው አታሚ ነው።

የክረምቱ ዝናብ በገባ ሰሞን ያው ታሞትሱ ሳንቃዎቹን በጨርቅ ቋጥሮ፣ በሌላ እጁ በጨው የኮመጠጠ ደበርጃን በሳህን ይዞ መጣ። ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ ሻጋታው አወራ። ሱጋኤ ሻይ ቀዳችለት፣ ጠጣ፤ ደገመችለት፣ ጠጣ።

“ሻዬን ጨረስክብኝ እኮ ታሞትሱ። የመጣህበትን ተናገር።”

“እትዬ፣ አፌ አልፈታ ብሎኝ ነው።”

“ሚስትህ አባረረችህ?”

“ኧረ እሱስ በቀለለኝ” አለና ከጨርቁ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። በረዶው ያማረ፣ ድልድዩ ያማረ። ቀዩ ጃንጥላ ግን ከመስመሩ ወጥቶ ነጩ በረዶ ላይ ፈሷል።

ሱጋኤ መነጽሯን አድርጋ አየችው። “እጅህ ነው?”

“እጄ ነው ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩት። ሳንቃው ነው እትዬ። ምልክቱ የሳተ ነው። የሰማያዊውም ትንሽ፣ የቀዩ ደግሞ የባሰ።” ታሞትሱ አንገቱን ደፋ። “ጋሼ ኢሶኪቺ በመጨረሻ ዓይናቸው...”

“ዓይኑ ምን?”

ታሞትሱ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

“አቶ ሂሮቤስ ምን አሉ?”

“ሳንቃዎቹ ይላጉና ሌላ ጠራቢ እንደ አዲስ ይጥረባቸው ብለዋል።”

“ስሙስ?”

“ስሙም... ያው ሌላ ሰው ከጠረበው እትዬ፣ የሳቸው ስም እንዴት ይገባል?”

ሱጋኤ ሻዩን ከፊቱ አነሳች። “ሳንቃዎቹን እዚህ ተዋቸው። አቶ ሂሮቤን ይዘሃቸው ና፣ እኔው አነጋግራቸዋለሁ።”

ሙት ወቃሽ አትሁን ይላሉ፤ ሱጋኤ ግን ብቻዋን ስትቀር ወቀሰችው። ባለፈው ክረምት በመነጽር ላይ መነጽር ደርቦ ሲሠራ አይታዋለች። አውራ ጣቱን ቆርጦ በጨርቅ አስሮ ሲደብቃት አውቃለች። አይታ ዝም አለች፣ እሱም ዝም አለ። አሁን የዝምታው ዋጋ ስሙ ሊሆን ነው። በማግስቱ ጠዋት ለሟች የሚቀርበውን የሩዝ ሳህን ፎቶው ፊት ስታኖር ጠንከር አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። “ዓይኔ ደክሟል ብትለኝ ምን ነበረበት?” አለችው። “ሌላ ሰው ምልክቱን ያይልህ ነበር።”

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ምልክት ሲስት አታሚ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ቀጭን የእንጨት ስንጣቂ ቆርጦ ምልክቷ ውስጥ ይለጥፍና ወረቀቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያቃናል። የሳተው ቀዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሞትሱ እሱው ያደርገው ነበር፤ ሁሉም ሲያጠራጥረው ነው የፈራው። እሷ ግን ቀዩን አቃንታ፣ አንድ ንጹሕ ወረቀት አትማ፣ ለአቶ ሂሮቤ “ይኸው፣ ሳንቃው ደህና ነው” ልትል ፈለገች። ማታለል ነው። ለሞተ ባል የሚደረግ ማታለል ኃጢአቱ ይቀላል ብላ አሰበች።

በታሞትሱ ወረቀት ላይ ቀዩ የወጣበትን ያህል ለክታ ስንጣቂውን ለጠፈች። መጫኛዋን ከሚስማሩ አወረደች። ወረቀቱን አረጠበች፣ በልማዷ፣ እስኪጠግብ። ጥቁሩን መስመር አተመች፣ ግራጫውን አስከተለች፣ በመካከል አርሳ ሰማያዊውን ጨመረች። በመጨረሻም ቀዩን አተመችና ወረቀቱን ቀስ ብላ አነሳችው።

ጃንጥላው ገብቶ ቀርቷል። በታሞትሱ ወረቀት ከመስመሩ የወጣው ቀለም፣ በሷ ወረቀት መስመሩ ጋ ሳይደርስ ቆሟል፤ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት አለ። ሌላ ወረቀት ወሰደች። ያው ነው። ሌላም ደገመች። ያው። አሁን ፈራች፣ ስለ ባሏ ሳይሆን ስለ ራሷ እጅ። “አትስትም” የተባለችው እጅ ከሰውዬው ጋር አብራ የተቀበረች መሰላት።

በንዴት ስንጣቂውን በጥፍሯ ነቅላ ጣለችው። ኢሶኪቺ ራሱ በቆረጣት ምልክት ላይ ወረቀት አሳርፋ ቀዩን አተመች። ጃንጥላው፣ እግር የገዛ ጫማው ውስጥ እንደሚገባ፣ መስመሩ ውስጥ ገባ።

ሱጋኤ ተቀምጣ ወረቀቱን አየችው፣ ሳንቃውን አየችው። ከዚያ ሳንቃዎቹን ሁሉ በታተሙበት ቅደም ተከተል ደርድራ ምልክቶቹን በክር እየለካች አነጻጸረቻቸው። የመስመሩ ምልክት በቦታው ነው። የግራጫው በጥቂቱ ወደ ውጭ ወጥቷል። የሰማያዊው ከዚያ ይበልጥ። የቀዩ ከሁሉም ይበልጥ። ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይስታል እንጂ እንዲህ በሥርዓት አይስትም።

የራሰ ወረቀት ይሰፋል፤ ይህን የማያውቅ አታሚ የለም። ሌላው አታሚ አንዴ አርጥቦ ይተወዋልና ወረቀቱ ባለበት ይጸናል። የሷ ግን በየቀለሙ ውሃ ስለምትጨምርበት እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ቀለም ላይ ዳር ያለው ጃንጥላ ከቦታው ሸሽቷል። ኢሶኪቺ ሽሽቱን አውቆ፣ ሳንቃውን የሽሽቱን ያህል አርቆ ነው የጠረበው። ሳንቃው ለሷ ውሃ የተጠረበ ነው። ታሞትሱ አንዴ ብቻ በረጠበ ወረቀት ሲሞክረው እንዴት ይግጠም?

ተነስታ ከጓዳ አሮጌዎቹን ሳንቃዎች አወጣች። ሁሉም እንደዚያው ናቸው፣ በየቀለሙ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ። ምልክታቸው ቀጥ ያለው የአንዱ ሥዕል ብቻ ነው፤ በተጋቡበት መኸር የተጠረበው። ያንን ሥዕል አልረሳችውም። ቀለሙ ሁሉ ከመስመር ወጥቶባት የአቶ ሂሮቤ አባት በሰው ፊት “የአታሚ ልጅ ናት አላላችሁኝም?” ብለው ነበር፣ እሷም ጓሮ ገብታ አልቅሳ ነበር። ኢሶኪቺ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ስታ አታውቅም። እጄ በረታ ብላ ነበር እኮ።

አለቀሰች ብል ይቀለኝ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ተናደደች። አንድ ሰው ድንጋይ ሲወረውር፣ ሌላው ድንጋዩ ያረፈበት ድረስ እየሄደ ዒላማውን ቢያቆምለት፣ ወርዋሪው አነጣጣሪ ነኝ ብሎ ያረጃል። “አየህ አባቴ” ያለቻቸው ሁሉ አንድ በአንድ መጡባት፣ አፈረች። ለቅሶው ኋላ ነው የመጣው፣ ሲመጣም ከሐፍረት አልነበረም።

አቶ ሂሮቤ ከታሞትሱ ጋር ሲመጡ ወረቀቱ ጠግቦ ቆይቷቸዋል። ሱጋኤ እፊታቸው አተመች። ቀዩን ስታነሳ ጃንጥላው ቦታውን ይዟል።

“አየህ!” አሉ አቶ ሂሮቤ ወደ ታሞትሱ ዞረው። “ሳንቃው ምን ሆነ? የወይዘሮ ሱጋኤ እጅ እኮ አይስትም። ያንተ ነው የሳተው።”

ታሞትሱ ምንጣፉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። የኢሶኪቺ ስም ተርፏል፣ የሷም ስም እንደ ነበረ ነው፤ ዝም ብትል ከሳሽ የለባትም። ዋጋውን የሚከፍለው የታሞትሱ ስም ብቻ ነው። ሱጋኤ መጫኛዋን አስቀመጠች።

“አቶ ሂሮቤ፣ ታሞትሱ አላጠፋም” አለች። “የሳትኩት እኔ ነኝ።”

“ይኸው ገጥሟል እኮ።”

“እሱማ ገጥሟል። እኔ ዕድሜ ልኬን ወረቀት ሳሰጥም ነው የኖርኩት። ወረቀቴ ይሰፋል፣ ቀለሜ ይሸሻል። ሰውዬው ነው ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ ሲያቃናልኝ የኖረ። ምልክቶቹን ይዩአቸው።” ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው፣ አሮጌዎቹንም ጨምራ። “ሱጋኤ አትስትም ሲባል የነበረው የሱ ነው። ስሙ ይግባለት።”

አቶ ሂሮቤ ምልክቶቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የሩዝ ፍሬ በምታክል ፊደል የተጠረበችው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “ስሙ ይገባል” አሉ። “ግን እነዚህን ሳንቃዎች ከእርስዎ ሌላ ማን ያትማቸዋል?”

“እኔ አትማለሁ። ክንዴ ሲደክመኝ ታሞትሱ አለ። እንደኔ መሳት አስተምረዋለሁ።”

አቶ ሂሮቤ ከሄዱ በኋላ ታሞትሱ ቀረ። ቀለም ሲበጠብጥ ቆይቶ፣ “እትዬ” አለ፣ “ጋሼ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩዎትም?”

ሱጋኤ ብሩሹን ከባልዲው አወጣች። “ነግሮኛል እኮ” አለች። “በየቀኑ ነበር የሚነግረኝ። ሰሚ ጠፋ እንጂ።”

ብሩሹን ሰጠችው። ታሞትሱ ወረቀቱን በጥንቃቄ፣ እንደ ለመደው፣ ስስ አድርጎ አረጠበና ቀና ብሎ አያት።

“ጨምር።”

ጨመረ።

“ኧረ ጨምር።”

ጨመረ፤ ውሃው ወረቀቱ ላይ አብለጨለጨ። ሱጋኤ መሮዎቹ ወደተሰደሩበት ጥግ ዞር ብላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ የሚለው ሲጠፋ፣ እሷው አለችው።

“ዓሣ ይወጣበታል።”