ማንም ሳይሞት የተቀመጥነው ለቅሶ

እዚህ በሰው አገር፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር የኖርንበት ሕንፃ ዛሬም አለ፤ ቀለሙን ቀይረውታል። በባቡር ሳልፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የጎረቤታችንን የሙሉወርቅን መስኮት ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም። ያኔ በራችን አይቆለፍም ነበር ብል ልጆቼ አያምኑኝም። ጨው ያለቀበት ጎረቤት ቤት ገብቶ ራሱ ያነሣ ነበር። ሙሉወርቅ ደግሞ ማንኳኳት የሚባል ነገር ጨርሶ አታውቅም። ገብታ፣ ድስቱን ከፍታ፣ በርበሬው መብዛቱን ነግራን ትወጣለች። ናፍቆኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

ሙሉወርቅ የለቅሶ ቤት አዛዥ ነበረች። ማንም አልሾማትም። አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሲኖር፣ ወንበሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ ስልኳን ይዛ ቁጭ ካለች ሁሉም ያልቃል። ሐዘንተኛዋ እንግዳ ላስተናግድ ብላ ብድግ ካለች ትከሻዋን ይዛ መልሳ ታስቀምጣታለች። "ያንቺ ሥራ መቀመጥ ነው" ትላታለች። ስትናገረው ቁጣ ይመስላል፤ ግን ስንቱ ሰው ይህን ሲሰማ ነው ወጥቶለት ያለቀሰው።

ኋላ ኪራዩ ሲወደድ ተበታተንን። ትልቋ ጎረቤታችን እትዬ ኣስካለ እዚያው ኦቴሎ ቀሩ፣ እኔ ከከተማው ወጣ ብዬ ሊንውድ ገባሁ፣ ሙሉወርቅ እዚያው አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ ቤት አገኘች። ሰፊ ሳሎን አገኘን፤ በር መቆለፍም ተማርን።

ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የለም። እሷ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፣ ከሰዓት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትንከባከባለች። በዚህ ላይ የሁላችንም ሙሉወርቅ ናት። ኤርፖርት የሚቀበለው ያጣ፣ ሐኪም ፊት አስተርጓሚ የፈለገ፣ ልጁ ያስቸገረው ሁሉ ለእሷ ነው የሚደውለው። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይሰቀላል። መልሷ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ "ኦኬ፣ ችግር የለም።"

አንድ ቀን ሊንውድ ከገበያ ስወጣ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ሞተሩን አጥፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። የገዛችው አይስክሬም ቀልጦ ወንበሩ ላይ ፈሷል። ምን ሆንሽ አልኳት።

"ምንም። ከየቱ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው" አለች። "እዚህ መኪና ውስጥ ከእኔ ምንም የሚፈልግ የለም።"

እኔም እንደ አዋቂ ቫይታሚን ዲ ዋጪ አልኳት። በዚህ ደመናም ከተማ ለደከመው ሁሉ የምናዝዘው እሱን ነው።

ከዚያ ስልኳን ዘጋች። ልጇ ሄዋን ጋ ስንደውል "ሺ ኢዝ ስሊፒንግ" ከማለት በቀር ሌላ አይወጣትም። እትዬ ኣስካለ አላስችል አላቸው። ሙሉወርቅ ስልክ ዘጋች ማለት ነገር አለ፣ ቅዳሜ በጠዋት ከቤት ሳትወጣ እንድረስባት አሉ። እሳቸው ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ነጠላቸውን ለብሰዋል። መኪና የነዱልን ሽማግሌው ጋሼ ሙላው ናቸው፤ ሰፊ መኪና ያላቸው እሳቸው ናቸዋ። በበጋም የማይለያቸውን ጥቁር ካፖርት ደርበዋል። እግረ መንገዳችንን ሁለት ሴቶች ጨምረን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በካፊያ ከበሯ ደረስን።

ጎበዞች! በእኛ ዘንድ ሰዎች ተሰብስበው፣ ነጠላ ለብሰው፣ ሽማግሌ አስቀድመው በማለዳ በር ላይ ከቆሙ መርዶ ነው። በዚያ ላይ በዚህ አካባቢ መርዶ የሚነግሩት ጋሼ ሙላው ራሳቸው ናቸው። ከመካከላችን አንድ እንኳ ይህን ያሰበ የለም። ሙሉወርቅ በመስኮት አየችን። ገና ሳናንኳኳ ጩኸቷ ደጅ ድረስ ተሰማ።

ሄዋን ስትከፍትልን እናቷ ደረጃው ላይ ወድቃ "እማዬን! እማዬን!" ትላለች። ጋሼ ሙላው በድንጋጤ ካፖርታቸውን አወለቁት። ማንም እንዳልሞተ በማርያም ቢምሉላትም አላመነችም፤ መርዶ ነጋሪን ማን ያምናል? ደብረ ብርሃን ደወልን። እናትየው ስልኩን አንስተው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ፣ ልብስ አትደርቢም እንዴ ብለው ተቆጧት። ሙሉወርቅ ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ ይሄኛው አልቆም አላት። ማንን እንደምታለቅስ እሷም አላወቀች፣ እኛም አልጠየቅን።

በመጨረሻ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ሻይ ላፍላ ብላ ተነሣች። ኩሽናው የዕቃ ክምር ነው፤ እንዳናየው ቀድማን ልትገባ ፈልጋለች። እትዬ ኣስካለ ትከሻዋን ያዙ።

"ተቀመጪ። ያንቺ ሥራ መቀመጥ ነው።"

"ማን ሞቶ ነው፣ እትዬ ኣስካለ?"

"ማንም። ለምን እስኪሞት እንጠብቃለን?"

ተቀመጠች። እንደ ደንቡ ፍራሽ አወረድንላት። እኔ ዕቃ አጠብኩ፤ የራሳቸውን ሸሚዝ አጥፈው የማያውቁት ጋሼ ሙላው የታጠበ ልብስ ሲያጥፉ ዋሉ፤ አንዱም ቅርፅ አልነበረውም። የሙሉወርቅን ስልክ እትዬ ኣስካለ ተረከቡ። የሚሉት ቢጠፋቸው ለደወለው ሁሉ "ሙሉወርቅ ለቅሶ ላይ ናት" አሉ። የሰማው ሁሉ ድስቱን ይዞ መጣ። ማን ሞተ እያለ ይገባል፣ ማንም ሲባል ይቆጣል፣ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ሲመሽ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መግቢያው በጫማ ተሞልቶ፣ ሰው ድስት እየከፈተ በርበሬ ሲያማ ኦቴሎ የተመለስን መሰለኝ። ሙሉወርቅ ፍራሹ ላይ ተኝታለች። ቀስ በሉ ያለ የለም፤ በእኛ ጫጫታ ውስጥ ነው ደህና እንቅልፍ የወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ኤርፖርቱንም ማስተርጎሙንም ተከፋፈልነው። "አልችልም" ማለትም ቀስ በቀስ ለመደች።

እትዬ ኣስካለ አሁን ቴክሳስ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ጋሼ ሙላው አርጅተው መኪና አይነዱም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ተራው የእኔ ሆነና ሁሉም ነገር ከበደኝ፤ እኔም ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። አንድ ቀን በማለዳ በሬ ተንኳኳ። መርዶ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ወረድኩ። ደረጃውን ሳልጨርስ ከውጭ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ማንም አልሞተም፤ ክፈቺ።"

ከፈትኩ። ሙሉወርቅ ድስት ታቅፋ፣ ካፊያው ራሷ ላይ እየወረደ ቆማለች። እንደ ልማዴ ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ኩሽና ዞር ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።