ጀልባ ስንጭን ገመድ የያዙልን ሰዎች

ሥራ የጀመርኩ ቀን የስምሪት ኃላፊው የፒካፑን ቁልፍ ሰጠኝና "ዛሬ ጭራ አለው፤ ተጠንቀቅ" አለኝ። ጭራው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነበር፤ ላዩ ላይ የፋይበር ጀልባ ተጭኗል። ከዚያ በፊት ዳንግላ ላይ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ጀልባ ግን ውሃ ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አይቼ አላውቅም። እንጅባራን አቋርጬ ስወጣ ባጃጆቹ ሁሉ ዞር እያሉ ያዩኛል፤ እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ኩራቱ የቆየው ሐይቁ ዳር እስክደርስ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የሐይቁን ጥልቀት ይለካል፣ ለምርመራ ውሃ ይቀዳል፣ ዓሣውን ያጠናል። ጀልባው ዳር ላይ ቢተው ሞተሩ አይገኝም። ስለዚህ በወጣን ቁጥር ጠዋት እናወርደዋለን፣ ከሰዓት ጭነን ወደ ግቢ እንመልሰዋለን። ማውረዱ ቀላል ነው፤ ውሃው ራሱ ይቀበልሃል። ሰው የሚጎዳው ሲጫን ነው።

ጀልባውን የሚነዳው ይርሳው ይባላል። ባሕር ዳር ተወልዶ ጣና ላይ ያደገ፣ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋት መውረጃው አናት ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መውረጃው ለሕዝብ የተሠራ ነው፤ ከመንገዱ እስከ ውሃው የሚወርድ ሲሚንቶ ነው፤ ስፋቱ ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃል። ፈረስ የሚያጠጣው እዚያ ነው፣ ልብስ የሚያጥበው እዚያ ነው፣ ፎቶ የሚነሳ ሙሽራም እዚያው ነው።

ኋላ ማርሽ አስገባሁ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያለው ሰው ሁሉ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በአዊኛ ይጮኻል፦ "ና! ና! ግራ! ኧረ ቁም!" ተሳቢው ሦስት ጊዜ ተጣጠፈብኝ። በአራተኛው የአንዲት ሴትዮ የታጠበ አንሶላ ላይ ወጣሁ። "ዓይን የለህም እንዴ?" አለችኝ።

ይርሳው መጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። "ስማኝ፣ ደምሴ። እጅህን መሪው ታች ላይ አድርግ። ጭራው እንዲሄድ ወደፈለግህበት እጅህን ውሰድ። ቀስ እያልክ። ደግሞ ሰው ሁሉ የሚልህን አትስማ፤ እኔን ብቻ። ስፖኪዮ ውስጥ እኔ ካልታየሁህ ቁም።"

በአምስተኛው ቀጥ ብሎ ወረደ። እልል ያለም ነበር፤ ሴትዮዋ ናት መሰለኝ።

የመጫኑን ቅደም ተከተል ያስተማረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይኛው ሜዳ ላይ ቆመህ ሁሉን ታዘጋጃለህ፤ ቁልቁለቱ ላይ ገመድ መፈለግ የለም። የተሳቢው ጎማ ግማሹ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ትወርዳለህ። ከዚያ ካለፍክ ጀልባው ይንሳፈፍና ይጣመማል። የእጅ ፍሬን ትይዛለህ፣ አንደኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ ይገባል። የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ መሪው ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ፍሬን ላይ ማድረግ ነው፤ ምንም ቢመጣ አልወርድም። ይርሳው የጀልባውን አፍንጫ ከተሳቢው ገመድ መጠቅለያ፣ ከዊንቹ ላይ ያስረውና በእጀታው እያዞረ ይስበዋል። የጀልባው ሞተር ከውሃው ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰንሰለቱ ይታሰራል፣ ወደ ሜዳው እንወጣለን። የኋላው ማሰሪያ ቺንጋ የሚጠብቀው ሜዳው ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሳቢው ኋላ ሰው አይቆምም።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። በእኛ አገር ሰው ሲለፋ እያዩ ቁጭ ማለት ነውር ነው። መኪናው ኋላ ማርሽ ሲያስገባ ሲሰሙ ፈረሱን ትተው፣ ልብሱን ትተው ይመጣሉ። አንዱ ጀልባውን በትከሻው ይገፋል፣ ሌላው ተሳቢው ላይ ይወጣል፣ ሦስተኛው እጁን ጀልባውና ብረቱ መሀል ይሰዳል። የሁሉ አለቃ አያ ቢምረው ናቸው። ሐይቁ ዳር የተወለዱ ገበሬ ናቸው፤ በየቀኑ ሁለት ፈረሶቻቸውን እዚያ ያጠጣሉ። "አይዟችሁ፣ እኛ አለን!" ይላሉ። የእኔ ልብ ቀጥ የሚለው ያኔ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የግምጃ ቤት ከተማ ገበያተኛ ሁሉ ሲመለስ ቆሞ ለርዳታ ተሰለፈ። አንድ ጎልማሳ እጁን ሊያስቀረው ለጥቂት ነው የተረፈው። ከመኪናው አንገቴን አውጥቼ "ዞር በሉ! የጠራችሁ ሰው አለ?" ብዬ ጮኽኩ።

አያ ቢምረው ፈረሶቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

ከዚያ በኋላ ስንመጣ ማንም አይጠጋንም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። ሰላም ስንላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሥራው ጸጥ ብሎ ነበራ። ሰንበት ብሎ ግን ጸጥታው ይከብደኝ ጀመር።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ ስመኝ አስጠሩኝ። "ጋሽ ደምሴ፣ ሰው አስቀይመዋል አሉኝ።"

"ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ይገባኛል። ሐይቁ ግን የእነሱ ነው። ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ቢምረው ቤት ሄድኩ። አስቀመጡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ። "አያ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ይቅር ብያለሁ። አንተ ልጅ፣ እኛ በዚህ ምድር ሁለት ሰው ሲለፋ ቁጭ ብለን አይተን አናውቅም። አንተ ግን ቁጭ አስደረግኸን።"

ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ያኔ ነው ገመዱ ትዝ ያለኝ። መጋዘናችን ውስጥ ረጅም የናይሎን ገመድ አለ። "እንግዲያው ከፊት ሰው ያስፈልገናል" አልኳቸው። "ገመዱን የመኪናው ፊት መንጠቆ ላይ አስረን እናንተ ሜዳው ላይ ሆናችሁ ትይዙልናላችሁ። ከኋላ ግን ማንም እንዳይመጣ።"

እውነቱን ልናገር፦ ተንኮል ነበር። ፒካፑ በራሱ ጉልበት ይወጣል፤ ገመድ አያሻውም። ከኋላዬ ዞር እንዲሉልኝ ብቻ ነው የፈለግኩት። ለይርሳው ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። "አንተ ሌባ!" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ሆነ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ሜዳው ላይ ገመዱን ይዞ ይቆማል። አያ ቢምረው ጫፉን አንድ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ሁለቴ ይጠመጥሙትና እግራቸውን ጉቶው ላይ ያሳርፋሉ። መኪናው ሲወርድ ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ ሲወጣ ይሰበስባሉ። እኔ በመስታወቱ እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

አንድ መስከረም ክረምቱ እንደወጣ መጣን። ሐይቁ ሞልቷል፤ ሲሚንቶው ላይ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ነገር ወጥቶበታል። ወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ታኮው ገባ። ይርሳው ጀልባውን አስሮ ግማሽ ድረስ ሳበው። ነፋስ መጣና የኋላውን ወደ ጎን ገፋው፤ ጀልባው ተጣሞ ያዘ።

ትክክለኛው ነገር ዊንቹን አላልቶ ጀልባውን ወደ ውሃው መመለስና እንደገና መጀመር ነው። ራሱ ነው ያስተማረኝ። ያን ቀን ግን ቸኮለ። በተሳቢው ጎን ወደ ኋላ ዞሮ በትከሻው ሊያቃናው ሲሞክር አዳለጠው። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባና አንድ እግሩ በተሳቢው የኋላ ብረትና በሲሚንቶው መሀል ተቀረቀረ። "ደምሴ፣ እግሬ!" አለ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቅጽበት መኪናው መሄድ ጀመረ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጫለሁ፤ ጎማው አይዞርም። መኪናው ግን በዚያ አረንጓዴ ነገር ላይ ታኮውንም ይዞ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስፖኪዮ ውስጥ ይርሳው ይታየኛል፤ ተሳቢው ወደ ጥልቁ እየገፋው ነው። ውሃው ደረቱ ደረሰ። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ብሰጥ ጎማው ባዶውን ይዞርና ይብስበታል። የማደርገው ነገር አልነበረም። "ማርያም! ማርያም!" እላለሁ፣ እግሬ ፍሬን ላይ።

"ያዝ!"

የአያ ቢምረው ድምፅ ነው። ገመዱ ከኮፈኑ ፊት ተወጠረ። ሃያ ሰው ተረከዙን ሣሩ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ተጋደመ፤ ጉቶው ላይ ያለው ጥምጥም አጥብቆ ነከሰ። መኪናው አንዴ ነቅነቅ አለና ቆመ። ውሃው ይርሳው አንገት ሥር ነበር።

"አትልቀቁ! እግሩን ያውጣ!" አልኩ። ይርሳው ከብረቱ ጋር ታገለ። የለበሰው የላስቲክ ቦቲ ሰፋ ይለው ነበርና እግሩ ሾልኮ ወጣ፤ ቦቲው ከሥር ቀረ። በጎን በኩል እየተንፏቀቀ ሣሩ ላይ ወጥቶ ተዘረጋ። "ወጥቻለሁ!" አለ። እኔ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በጣም ቀስ ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ፤ እነሱ "ሆ!" እያሉ ሳቡ። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ ደረስን፣ ሜዳው ላይ ወጣን።

ወርጄ ወደ ታች ሮጥኩ። ይርሳው ባንድ እግሩ ቦቲ፣ በሌላው ባዶ እግሩን ቁጭ ብሎ "ጣቴ አሥርም አለ" ይላል። ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል፣ ሌላ ምንም የለው። አቅፌው አለቀስኩ። ሰው ፊት ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። ተመስገን! ያን ያህል እፎይ ያልኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም።

አያ ቢምረው እጃቸው በገመዱ ተገሽልጧል። እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። "አያ፣ ልናዘዝ። ገመዱን የሰጠኋችሁ እንድትርቁልኝ ብዬ ነው። ይጠቅማል ብዬ አልነበረም።"

"እሱንማ እናውቃለን" አሉኝ። "መኪና አይተን የማናውቅ መሰለህ?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ያዛችሁት?"

"ያዙ አልከን፤ ያዝን።" ይህን ብለው ፈረሶቻቸውን ሊፈቱ ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያለ ፊት ገመድ ጀልባ ጭኜ አላውቅም። ሲሚንቶውንም ከመውረዴ በፊት በመጥረጊያ እናጸዳዋለን። ቁልፉን ለተረከበኝ ሹፌር ያልኩትን ለእናንተም እላለሁ፦ ከኋላ ሰው አታቁሙ። የተጣመመ ጀልባ ወደ ውሃው መልሱና እንደገና ጀምሩ። ሊረዳችሁ የመጣን ሰው ከፊት አቁሙት፤ የምትሰጡት ሥራም የእውነት ይሁን።