ሞልቶ የፈሰሰው ትእዛዝ

የቱኒሱ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሲ ሻድሊ የጥገና ሠራተኛዋን ስም ጠይቆ አያውቅም። እሷም የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ የኮምፒውተሩን ቁልፎች እንደ ጠላት ትደበድባለች እንጂ አታወራም። ዛሬ ግን ማስተካከያ እንዲጫን የሚጠይቅ ማመልከቻዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እንደ ማመልከቻው ከሆነ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ትእዛዝ ከልኩ የረዘመ ጽሑፍ ሲገባበት ሞልቶ ይፈስና ማሽኑን እንዳለ ለጻፈው ሰው ያስረክባል።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሥራ ፈት ማን አለ?» ብሎ ሳቀ።

በተራ ሠራተኛ መለያ ገብታ ረጅሙን ጽሑፍ እዚያው ጻፈችው። የበሽተኛው ሁሉ ፋይል ተከፈተላት። የራሱን የሲ ሻድሊን ፋይል መርጣ ስክሪኑን አዞረችለት።

«ዝጊው! ሰው ያየዋል!»

«የእህቴ በሽታ ከዚሁ ፋይል ወጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው እንዲህ የጮኸላት አልነበረም» አለች።

ሲ ሻድሊ ማስተካከያው እንዲጫን ፈረመ። አላመሰገነችውም።