ሳንቀምሰው የሄደው ኬክ

ባለፈው ጦርነት ከመርሳ ሸሽተን ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ጠበቀን። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ኦቨኑ የለም፣ የእኔ አሮጌ ሱሪ እንኳ የለም፤ እሱን የወሰደውን ሰው እግዜር ይርዳው፣ ዚፑ አይዘጋም። የቀረው የእናቴ የብረት ድስት ብቻ ነበር፤ ታቹ የጠቆረ፣ ጆሮው የተሰበረ፣ ሌባ የናቀው። አንስቼ ሳየው ግን ንዴቴ ኦቨኑን ትቶ ልጅ እያለሁ ወደተዘረፍኩት ኬክ ሄደ።

ያኔም ጦርነት ነበር፣ የደርግ ጊዜው። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ በድርቁ ጊዜ እርዳታ ይዘው ለመጡ ፈረንጆች ምግብ ትሠራ ስለነበር፣ ለገናቸው የሚጋግሩትን ድርብ የቸኮሌት ኬክ ከነሱ ተምራለች። «አንድ ቀን እሠራላችኋለሁ» እያለች ኖራ ኖራ፣ ሾፌር ጎረቤታችን ከአሰብ አንድ ቆርቆሮ ካካዎ ሲያመጣላት ቀኑ ደረሰ።

የገና ዋዜማ ጋገረችው። ሊጡን እዚያ ድስት ውስጥ ገልብጣ፣ ከታች ፍም፣ ክዳኑ ላይም ፍም። ሲበርድ በመስፊያ ክር ለሁለት ሰነጠቀችው። መሃሉን ቅቤና ስኳር ቀባችው፤ ላዩ ላይ እኔ በሙቀጫ የወቀጥኩትን የናና ከረሜላ ነሰነሰችበት። ሽታው ምራቅ ያስውጣል፤ ግን ጾም ነው። ቅቤና እንቁላል ያለበትን እሷም አትቀምስ፣ እኔም አልቀምስ። ማማሰያውን እንኳ አልላስኩም። በዕድሜዬ የጾምኩት የምር ጾም እሱ ብቻ ነው፤ ውለታውንም አየሁት።

እንደ ልማዳችን ጎረቤታችን እትዬ ሀዋ ተጠሩ። እኛ ስንጾም የእኛን ወጥ ጨው እሳቸው ይቀምሳሉ፤ በረመዳን የእሳቸውን ሾርባ እናቴ ትቀምሳለች። «ሀዋ፣ እስቲ ቅመሽልኝ» አለች ከዳር ቆርሳ። እትዬ ሀዋ ጎረሱ፤ እናቴን ቀና ብለው አዩና «ማሻአላህ» አሉ።

እሳቸው እንደወጡ የቀበሌው ሊቀመንበር ስንቅ ሊሰበስብ ገባ። በሶውና ዳቦ ቆሎው ተዘጋጅቶ ደጃፍ ተቀምጦለታል። እሱ ግን አፍንጫውን ተከትሎ ጓዳ ደረሰ።

«ይሄስ?»

«የልጁ ነው፣ ለበዓል።»

«ወታደሩ በዓል የለውም እንዴ ጓዲት? የራስሽ ልጅ ግንባር አይደል ያለው?»

እናቴ ኬኩን አነሳችው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በእጇ ሰጠችው። «ለታደሰም አንድ ቁራሽ ቢደርሰው» አለች። እኔ አለቀስኩ። ለወንድሜ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለሆዴ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ በገና ቀን፣ ስብሰባ ተጠራ። ልጆች ከፊት ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ስለ ወታደሩ ረሃብ በጮኸ ቁጥር የናና ሽታ ፊቴ ላይ ይመጣል። ጢሙ ሥር ደግሞ ቡናማ ፍርፋሪ አለ። ኬኩ ከመርሳ አልወጣም፤ ከሰውየው ሆድም አላለፈም።

ልናገር እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ለእትዬ ሀዋ «ይሄኔ ታደሴ እየበላው ይሆናል» ትላለች፤ ፊቷ ከዘመተ ወዲህ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። የተከፈተውን አፌን ዘጋሁት።

ታደሰ ጦርነቱ ሲያልቅ በእግሩ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ኬኩ ደረሰህ?» አለችው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ሲያይ፣ ከኋላዋ ቆሜ በጭንቅላቴ «አዎ በል» አልኩት። «ደርሶኛል እማ፣ ለጓደኞቼም አካፍያለሁ» አለ። ይህን እንዳመነች ነው የሞተችው።

ዘንድሮ ለገና ልጄ ከስልኳ አይታ ያንኑ ኬክ ጋገረች። ኦቨን ስለሌለን በዚያው ድስት፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ። ጾም ነውና ለቅምሻ እትዬ ሀዋን ደግፌ አመጣኋቸው። በድዳቸው አላመጡት።

«ይሄ ደግ ነው። የናትህ ግን ሶዳው በዝቶበት እሬት ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ማሻአላህ ያሉት?»

«ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ምን ልበላት፣ ልጄ?»

ታሪኩን ከእኔ ደጋግማ የሰማችው ልጄ በሳቅ ወደቀች። «ሊቀመንበሩ የእጁን አገኘ በለኛ፣ አባ» አለችኝ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት የምቀልደው ሰውዬ፣ አልሳቅኩም። ቢመርም የእኛ ነበር። ባይወስድብን በገና ጠዋት ጎርሰን፣ ፊታችንን አጨማደን፣ እናቴ ላይ እናሾፍ ነበር፤ እሷም ማማሰያ ይዛ ግቢውን ታዞረን ነበር። ሰውየው ያንን ሳቅ ነው የበላብን።