ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ባለፈው እሑድ ፍኖተ ሰላም ያለው የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል ተሰብስቦ ነበር። ጸሐፊው አንቀጾቹን ሲያነብ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀምጬ እያንቀላፋሁ ነበር። «ድንኳን ለቀብር ካልሆነ በቀር ለሌላ ጉዳይ አይተከልም» ሲል ግን ነቃሁ። በስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብዬ የማላውቀው ሴትዮ እጄን አወጣሁ። የነገርኳቸው ይህን ነው።

ያኔ አዲስ የነበረው መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሳንባውን ታሞ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ እንዲወጋ ታዘዘለት። ለመንደራችን የሚቀርበው ጤና ጣቢያ በቡሬ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነበር። ስሟን ልተወው፤ ዛሬ ሹሞቿም ሌሎች ናቸው። ቅርብ የምንለው ራሱ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በየቀኑ መመላለስ አይቻልም፣ ቤት ለመከራየትም አቅም የለንም። ስለዚህ የእህል ገበያው ዳስ ሥር ሰፈርን።

ዳሱ ቆርቆሮ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም። የሐምሌ ዝናብ በጎን ሲመጣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ አባቴን እከልለው ነበር። ከእኛ ጋር ክራንች የሚይዝ የቀድሞ ወታደር፣ ሕፃን የታቀፈች ሴትና ሌሎች ስድስት ሰባት ሰዎች ነበሩ። በገበያ ቀን ቦታውን ለነጋዴዎች እንለቅና፣ ገበያው ሲበተን መሬት ላይ የቀረውን በቆሎ እየለቀምን ቆልተን እንበላለን። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቆሎ የለም።

የመርፌው ግማሽ እንዳለቀ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ከተማዋ እንደ ሙሽራ መኳል ጀመረች። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ ገበያው ከዋናው መንገድ እንዳይታይ የሚጋርድ አዲስ ቆርቆሮ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ወዲያው ሁለት የማዘጋጃ ቤት ዘበኞች መጥተው ዳሱን ልቀቁ አሉን።

«የት እንግባ?» አለ ወታደሩ።

«እሱን እኛ አናውቅም። ታዘን ነው» አሉ።

አባቴ ጋቢውን አጣፋ። «በይ ልጄ፣ ወዳገራችን እንግባ። የተወጋሁት ይበቃኛል» አለኝ። መርፌውን ካቋረጠ እንደማይድን ሐኪሙ ነግሮናል። ወዳገራችን እንግባ ማለቱ ልሙት ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዝናቡ መንገድ ስለከለከለን ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ተጠለልን። ሰውየው አያ ጥሩነህ ይባላሉ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛም ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ምን እንደሆንን ጠየቁኝ፤ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። የእድሩን ንብረት ጠባቂ አስጠሩ።

«ድንኳኑን አውጣና እዚህ ሜዳው ላይ ትከለው» አሉት።

«አያ፣ ጡሩምባ አልተነፋ። ማን ሞተ ብዬ ነው የማወጣው?»

«እስኪሞቱ ልጠብቅልህ?»

ሳይመሽ ድንኳኑ ተተከለ። ወታደሩን፣ ሴትዮዋን፣ ሁሉንም ከየጥጉ ፈልገን አስገባናቸው።

በማግሥቱ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በአገራችን ድንኳን ያየ ሰው ሳይገባ አያልፍም። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና እንጀራ ይዘው ይጎርፉ ጀመር። «ምነው፣ ጡሩምባውን ሳንሰማ! እግዜር ያጥናችሁ» ይሉናል። አባቴ አንገቱን ይደፋል፤ ይህም የባሰ ሐዘንተኛ አስመሰለው። ወታደሩ ግን ንፍሮውን እየዘገነ «ክፉ አይንካችሁ» እያለ ይመርቃል። ነገሩን ሲሰሙ «ለቁም ሰው ድንኳን? ሟርት ነው!» ብለው የተቆጡም ነበሩ። ያመጣውን ምግብ መልሶ የወሰደ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ረፋዱ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሁለቱን ዘበኞች አስከትሎ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበለት፤ ዘገነ። ከዚያ ጠጋ ብሎ «ማን ነው የሞተብዎ፣ አባቴ?» አለ።

«እስካሁንስ ማንም አልሞተ፣ ጌታው» አለ አባቴ። «እኔ እንዳልሞት ብለው ነው የተከሉት።»

ሹሙ ዞር ዞር ብሎ አየ። ዘበኞቹ አውቀውን መሬት መሬት ያያሉ። ተነሥቶ ድንኳኑ በር ላይ ወደ ቆሙት አያ ጥሩነህ ሄደ። «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ? እንግዳ እየመጣ መሐል ከተማ ላይ! መቼ ነው የሚነቅሉት? የለቅሶ ደንቡ እንደሆነ ሦስት ቀን ነው።»

«ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ነው» አሉ አያ ጥሩነህ ረጋ ብለው። «ካልሞተ ስንት ቀን እንደሆነ ደንባችን አይልም። ዝናቡ ሲያቆም እንነቅለዋለን።»

ሹሙ ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ ቆመ። ልብላው ወይስ ልመልሰው የሚል ይመስል ነበር። የሕፃኑ ሳል ተሰማ። በመጨረሻ ንፍሮውን ወደ አፉ አስገባ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፤ ከዚያ ወደ ዘበኞቹ ዞሮ «ያን ቆርቆሮ ወደ ዳሱ ውሰዱት» አላቸው።

እኛን ከእንግዶቹ ሊጋርድ የተገዛው ቆርቆሮ፣ ድንኳኑ በተተከለ በአራተኛው ቀን ለዳሱ በሦስት በኩል ግድግዳ ሆነልን፤ እኛም ወደዚያው ተመለስን። እንግዶቹ መጥተው እንደሆነ ወይ ቀርተው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አባቴ መርፌውን ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አረሰ፣ እኔን ዳረ፣ ልጆቼን አቀፈ። አያ ጥሩነህን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ሹሙንም አመሰግነዋለሁ። አፍሮ የሚሸሽ ሹም ብዙ አይቻለሁ፤ አፍሮ ሲታረም ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ይህን ተናግሬ ተቀመጥኩ። ወደ ስብሰባው ስንመጣ መጠለያ አጥተው በዝናቡ በየበረንዳው ላስቲክ ለብሰው የተቀመጡትን ሰዎች ሁላችንም አልፈናቸው ነበር የገባነው። የእድራችን ዳኛ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ ነው። «እትዬ፣ አንቀጹን እንቀይረው እንበል። ለቀብር ካልሆነ ግን ድንኳኑ መቼ ነው የሚነቀለው? ይህም መጻፍ አለበት» አለኝ።

«ዝናቡ ሲያቆም ብላችሁ ጻፉት» አልኩ።

ጸሐፊው ዳኛውን አየው። ዳኛው በመስኮቱ ወደ በረንዳዎቹ አየና «ጻፈው» አለ።