ሽጥ ያልኩበት ጠዋት

ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአፓርትማችን ብዙ በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ጊዜው የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ መጀመሪያ ነው። ለቤት መግዣ ያጠራቀምነውን ተማክረን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን፣ ስቶክ የሚሉትን፣ ገዛንበት። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ዋጋው ሲወጣ ቤት እያየን ዞርን። አስፐን ሂል ያየነው ቤት ጓሮው ውስጥ ዥዋዥዌ ነበረው፤ ልጃችን አልወርድም ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ዋጋው መውረድ ጀመረ።

"እንሽጠው" አልኩት።

"አሁን ከሸጥን እኮ በቃ ከሰርን ማለት ነው። ትንሽ ሆልድ እናድርግ፣ ይዘን እንቆይ።"

ዋጋው ሲወጣ እያፏጨ ቤት ይገባል፤ ሲወርድ ራቱን ሳይነካ ይተኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ ባለሙያ ግዙ፣ ሌላው ውጡ ይላል። ግራ ሲገባው ከረባት ያሰሩ ተሳፋሪዎችን መጠየቅ ጀመረ። አንዱ፣ "እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር" አለው። ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ኮምፒውተሩ ፊት ሆኖ ጠራኝ።

"አንቺ ወስኚ። እኔ ደከመኝ።"

"ሽጥ" አልኩት።

ሸጠ። ግማሹ እንኳን አልተረፈም፤ ቢሆንም ያን ሰሞን እንቅልፍ ወሰደን። ከዚያ ገበያው ተመልሶ መውጣት ጀመረ። ባለቤቴ አልተቆጣም፤ ዝም አለኝ እንጂ። ልጃችን "ዳዲ፣ አር ዩ ማድ?" ብላ ተናዶ እንደሆነ ስትጠይቀው እንኳን አይመልስላትም። ሳይነግረኝ የተረፈውን ይዞ ተመልሶ ገበያው ውስጥ ገባ። የነገረኝ ገበያው እንደገና ከወደቀ በኋላ ነው፤ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

"ሁሉንም?" አልኩት።

"ሁሉንም። ሊመለስ ይችላል ብዬ ነው።"

ከገዛቸው ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ጨርሶ ተዘጉ። እኛም አብረን ብዙ አልቆየንም፤ ተለያየንና እሱ አርሊንግተን ከሁለት ሾፌሮች ጋር ተዳብሎ መኖር ጀመረ።

ሰዎች "አንቺ ልክ ነበርሽ" ይሉኛል። እኔ ግን ያን ጠዋት ሽጥ ያልኩት አውቄ አይደለም። ከእሱ የተሻለ የማውቀው ነገር አልነበረም። ፊቱ አስፈርቶኝ ነው። እሱም ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ እቃውን ሲያወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አንቺም እኮ አታውቂም ነበር" አለኝ። ሻንጣውን በአንድ በኩል ይዤለት ደረጃውን አብረን ወረድን።